ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ብረት ማቅለጫ



በናይሮቢ ካሙኩንጂ ወይም ጊኮምባ በሚባሉት ሰፈሮች ያለፈ ሰው የመዶሻ ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ኬንያውያን ጁዋ ካሊ የሚሏቸው የእጅ ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜልና ከቆርቆሮ ሣጥን፣ ሱፉሪያ፣ የእጅ ጋሪና የከሰል ምድጃ ሲሠሩ ይውላሉ። ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጣቸው ያለ ጣራ በፀሐይ ላይ ስለሚሠሩ ነው። ብዙዎቻችሁ ከጩኸቱ ለመራቅ እርምጃችሁን ፈጠን ታደርጋላችሁ። ዛሬ ግን ቆም ብላችሁ እንድታዳምጡት እንጠይቃችኋለን። ከ150 ዓመት በፊት በአገራችን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በምትባል ስፍራ እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሥራውን እየተመላለሱ የሚጎበኙትም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ።

ዐፄ ቴዎድሮስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል። ጀግንነታቸው፣ ቁጣቸውና የመቅደላው አሟሟታቸው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲነገር ኖሯል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን በሌላ በር ገብተን እንመለከተዋለን። አንድ ንጉሥ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ በአገር ውስጥ ለማሠራት ሲነሣ ምን እንደገጠመው፣ ከእሳትና ከጭቃ ምን እንደተማረ፣ ሳይማር የቀረውም ምን እንደሆነ አብረን እንይ። ከመካከላችሁ መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝ ካለ ደግሞ ይህን ታሪክ በተለይ ለእርሱ ጽፈነዋል።

ካሣ ከሽንፈት የተማረው

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ከቋራ መኳንንት ወገን ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ በመሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ላይ ወደቀች። ጠላቶቹ በኋላ ዘመን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቡት ከዚህ የተነሣ ነው። በልጅነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማረ፤ ሲጎለምስም ሸፍቶ በቋራ በረሃ ተከታዮች አፈራ።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ በምዕራቡ ድንበር በኩል ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ወታደሮቹ በድፍረት የሚታሙ አልነበሩም። ግብፆቹ ግን ምሽግ ይዘው መድፍ ደግነው ይጠብቁ ነበር። የካሣ ሰዎች ወደ ምሽጉ ሳይደርሱ ረገፉ፤ እርሱም ተሸንፎ ተመለሰ። በዚያ ቀን የተረዳውን ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም። ጦሩን የመታው በደንብ የተሠራ መሣሪያና በሥርዓት የሠለጠነ ወታደር እንጂ የልብ ብርታት ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ዕድሉ ተቃና። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ። ወዲያውም በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። የዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ይህ ሆነ።

ባለ እጅ ፍለጋ

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዙሪያቸውን ሲመለከቱ በአገሩ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ሞልቶ አዩ። ነገር ግን ሕዝቡ ባለ እጅን ይንቅ ነበር። ማረሻውን የሚሠራለትን አንጥረኛ ቡዳ ነህ እያለ ይርቀዋል፤ ማሰሮ የምትሠራለትንም ሴት ከማዕዱ አያስጠጋትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ አገሩ በእጁ ያለውን ሀብት ሳያውቅ ኖረ። ይህ ንቀት ሥር የሰደደ በመሆኑ ዐፄ ምኒልክ እንኳ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል።

በ1848 ዓ.ም. ገደማ በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በምትገኝ ቅድስት ክሪሾና በተባለች ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። እነዚህ ሰዎች ወንጌል እየሰበኩ በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ቆይቶም ቴዎፊሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር የተባሉት ተጨመሩ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ደግሞ በየራሳቸው መንገድ ደርሰው ተቀላቀሉ። ንጉሡም ለነዚህ ሁሉ በጋፋት መኖሪያና የሥራ ቦታ ሰጧቸው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነርሱ ጋር እየሠሩ ሙያ እንዲቀስሙ ተመደቡ።

ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዟቸው መንገድ እንዲያበጁና ጠመንጃ እንዲጠግኑ ነበር። ኋላ ግን መድፍ እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ባለ እጆቹ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ንጉሡም ምክንያቱን አልተቀበሉም፤ እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸውን እስከ ማሰር ደረሱ። እነርሱም በመጨረሻ እንሞክራለን አሉ።

እሳቱ የፈተናቸው

አሁን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ የታሪኩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

መድፍ በወረቀት ላይ ለመንደፍ አይከብድም። አንድ ወፍራም ቧንቧ ነው፤ አንዱ ጫፉ ድፍን፣ ሌላው ክፍት። ችግሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ወደ እሳቱ ሲሄዱ ነው። መዳብ ለመቅለጥ ወደ 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ሙቀት የወጥ ማብሰያ እሳት አይሰጥም፤ ወናፍ ያስፈልጋል። አንድ ወናፍ ካልበቃ ብዙ ወናፎችን ባንድነት ማስነፋት የግድ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ይህን ሁሉ እሳት ይዞ የሚቆም እቶን ከምን ይሠራል?

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው አንድ ፈረንሳዊ ብረት አቅላጭ ነበር። የጠየቀው ሁሉ ቀረበለት። እሳቱ ሲነድድ ግን የእቶኑ ጡብ ራሱ ቀለጠ፤ ጡቡና ማዕድኑ ተቀላቅለው አንድ የማይረባ ጓል ሆኑ። ሰውዬው እጅግ ተስፋ ስለቆረጠ አእምሮውን ሊስት ደረሰ፤ ንጉሡንም አስፈቅዶ ሄደ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ሰው ሙያውን የማያውቅ አልነበረም። በአገሩ ያቀልጥ የነበረው ግን ሌሎች ሰዎች ለብዙ ዘመን ፈትነው ባገኙት ጭቃ በተሠራ እቶን ነበር። ጋፋት ላይ ያገኘው ጭቃ ሌላ ነው። መጽሐፍ ስለ ጭቃ ሊነግራችሁ ይችላል፤ በእግራችሁ ሥር ያለው ጭቃ እሳት ይችል እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን እሳቱ ብቻ ነው።

ከእርሱ በኋላ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ተተኩ። እነርሱ ብረት አቅላጭ አልነበሩምና የሚያፍሩበት ዝና አልነበራቸውም። ጭቃውን እየለዋወጡ፣ እቶኑን እያፈረሱ እንደገና ሠሩ። መጀመሪያ ትልቁን አልሞከሩም፤ ትንሽ ሞርታር ለማውጣት ደከሙ። ነሐስ ማፍሰስ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ በዚህ ሥራ ስንት ነገር ሊበላሽ እንደሚችል ያጫውታችኋል። ቅርጽ ማውጫው ጭቃ በደንብ ካልደረቀ ውስጡ የቀረው ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ የቀለጠውን ነሐስ ይረጨዋል። ነሐሱ ቅርጹን ሳይሞላ ከቀዘቀዘ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል፤ መድፉም ሲተኮስ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ተምረው በመጨረሻ ሥራው ተሳካ። ንጉሡም እጅግ ተደሰቱ።

ከትንሹ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትልቁ እየተሸጋገሩ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ሴባስቶፖል ተሠራ። ስሙ የተወሰደው በ1847 ዓ.ም. ገደማ በክሪሚያ ጦርነት ለብዙ ወራት በመድፍ ከተደበደበችው የሩሲያ ከተማ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። ሠርተን አናውቅም ያሉ ሰዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚህ መድረሳቸው ያስደንቃል።

ንጉሡ ራሳቸውም የመሞከር ፍቅር ነበራቸው። በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር በሰፈሩ ጊዜ ከደንገል በተሠራ ትልቅ ታንኳ ላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው እንደ እንፋሎት መርከብ እንዲሄድ ሞክረዋል። የእንፋሎት ሞተር ባይኖራቸውም፣ ያዩት ነገር በአገር ደንገል ሊሠራ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነበር።

መድፉ መንገድ ጠየቀ

በጋፋት ሴባስቶፖል ሲጠናቀቅ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን አንድ ሥራ ሲያልቅ ሌላውን ይወልዳል። 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ በበቅሎ አይጫንም፤ ሠረገላ ያስፈልገዋል። ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን በአገራችን የነበረው የእግርና የበቅሎ መንገድ እንጂ የመንኮራኩር መንገድ አልነበረም። መንገዱ ቁልቁለቱ እጅግ ከበረታ ሠረገላው ሰዎቹን ጎትቶ ገደል ይከታቸዋል፤ ዳገቱ ከበረታ ደግሞ አይወጣም። ስለዚህ በተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መንገድ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ይበላል፤ ስለዚህ እህል ያስፈልጋል። እህሉን የሚያመጣው ገበሬ ነው።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱት ነበር። ጅዳ የሚባለው ሸለቆ ወደ 1000 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ነው፤ ከዚያም የበሽሎ ሸለቆ ይከተላል። ንጉሡ ከማለዳ እስከ ማታ ከሠራተኛው ጋር ቆመው ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ መንገዱን ያስጠርጉ ነበር። በኋላ የመጡት እንግሊዞች ይህን መንገድ አይተው ተደንቀዋል። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ጉዞው ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ ማለት ነው።

ነገር ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር ምን ይመስል ነበር? አብዛኛው ሸፍቷል። የንጉሡ ወታደር የገበሬውን እህል ወስዷል፤ ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ የታሰረውና የተገደለው ሰው ብዙ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገውን እህል የሚሰጥ ወዳጅ አገር አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጭቃው እሳት ባልቻለ ጊዜ ጭቃው እንዲለወጥ ፈቅደው ነበር። ሕዝቡ አገዛዙን ባልቻለ ጊዜ ግን እሳቱን ጨመሩበት እንጂ አልቀነሱለትም።

ደብዳቤውና መቅደላ

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ብቻዋን እንደማትበቃ ያውቁ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ። መልስ ግን በጊዜው አልመጣም። በዚህ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስላ ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹና የሥራ መሣሪያው እስከ ምፅዋ ደርሰው ነበር። እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ከዚያ አላለፉም። ንጉሡ ለብዙ ዓመት ሲመኙት የነበረው ነገር በባሕር ዳር ቆሞ ተመለሰ። ሰንሰለቱን መፍታት ወርክሾፑን መክፈት ነበር፤ እርሳቸው ግን ሰንሰለቱን መረጡ።

በወርክሾፕ ባለሙያዎች ፈንታ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13000 ወታደር ይዞ መጣ። ከባድ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አስመጣ፤ ዙላ ላይ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ተደረገ። ከፋህላ አምባ ላይ የተተኮሱት የንጉሡ መድፎች ጥይት በእንግሊዞቹ አናት ላይ እያለፈ ወደቀ። ከመድፎቹ አንዱ፣ ቴዎድሮስ የተባለው ታላቅ መድፍ፣ ባሩዱ ከልክ በላይ ስለተጎረሰ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በዚያ ቀን ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። እንግሊዞች ግን ያጡት ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። 50 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። የጋፋት አውሮፓውያን ባለ እጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ዋልድማየር ኑሮውን በሊባኖስ መሠረተ። ጋፋት እንደ ቀድሞው መድፍ ማቅለጫ ሆና አልቀጠለችም። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ታሪኩን ያነበበ ሰው መድፉ ምን ጠቀመ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። መድፉ ጦርነቱን አላሸነፈም፤ ለመጎተቱም ብዙ ሰው ደክሟል። ከጋፋት እቶን የወጣው ግን ነሐስ ብቻ አይደለም። እዚያ የተገኘው ትምህርት መሐንዲስ ለሚሆን ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ንድፍ በወረቀት ላይ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ሥራው ነው። ሁለተኛ፣ ስሕተትን በትንሹ መሥራት ይሻላል። ትንሽ ሞርታር ቢበላሽ የሚጠፋው ጥቂት ነሐስ ነው፤ ትልቁ ቢበላሽ ግን የአንድ አገር መዳብ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ አንድ ዕቃ ብቻውን አይቆምም። መድፉ ሠረገላ፣ ሠረገላው መንገድ፣ መንገዱ እህል፣ እህሉ የገበሬውን ወዳጅነት ይጠይቃል። አራተኛ፣ ዕቃው በጥሩ ቢሠራም የሚጠቀምበት ሰው ካልሠለጠነ በባለቤቱ ላይ ይፈነዳል። አምስተኛውና ዋናው፣ ዕውቀት በብዙ ሰው እጅ ካልተዘራ ከጥቂቶቹ ጋር ተሰድዶ ይሄዳል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። እናቶቻችሁ ቡና የሚያፈሉበትን የኬንያ ጂኮ ተመልከቱ። ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ነው፤ ወገቡም ጠበብ ያለ ነው። ሐሳቡ ከታይላንድ የሸክላ ምድጃ የተወሰደ ሲሆን፣ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በኬንያ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች እጅ ተፈትኖ ነው ይህን መልክ የያዘው። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፤ ቆርቆሮው ሸክላውን ይጠብቃል፤ ወገቡ የጠበበው ሸክላው በቦታው እንዲቀመጥ ነው። ዛሬ ምድጃው በየቤቱ ከሰል ይቆጥባል። ጋፋትን የፈተነው የጭቃና የእሳት ጥያቄ እዚህ ለወጥና ለቡና ሲውል ታያላችሁ። የሠሩትም በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች አይደሉም፤ ሠርተው የሚሸጡ፣ ከገዢዋም ቅሬታ ሰምተው የሚያሻሽሉ ናቸው።

ወላጆች፣ አንድ ቃል ለእናንተም አለን። ልጆቻችን ሐኪምና ጸሐፊ እንዲሆኑ እንመኛለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ የተሰበረ ሬዲዮ ሲፈታ፣ ልጅቷም ሽቦና ጣውላ ስታገጣጥም ጊዜሽን አታባክኚ ብለን ስንቆጣ፣ አያቶቻችን በአንጥረኛው ላይ የሠሩትን በደል እየደገምን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ስደተኛ ቤቱንና መሬቱን ይዞ ድንበር አይሻገርም። እጁ የተማረውን ግን ማንም ኬላ ላይ አይቀማውም።

እናንተም ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ በካሙኩንጂ ስታልፉ ቆም በሉ። ቆርቆሮውን የሚያጥፈው ሰው ለምን እዚያ ላይ እንዳጠፈው ጠይቁት። ምናልባት ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አጥፎት ተሰብሮበት ይሆናል። የነገረን ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉት፤ ከዚያም ወደ ሠፈር ተመልሳችሁ በእጃችሁ ሞክሩት። ቢበላሽ አትፈሩ፤ በትንሹ ጀምሩ፤ የተበላሸበትን ምክንያት ሳታውቁ ግን አትጣሉት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነውና።